ቡአ ያየችው እሳት

ቢካር ሲንግን ለማወቅ የፈለገ መጀመሪያ ማሳውን ይይ። በእኛ መንደር በኮት ማንገሉ ሩዝ ታጭዶ ስንዴ ሊዘራ ሲል የሰው ሁሉ ማሳ ጥቁር ነው፤ ተቃጥሎ፣ ተጠርጎ፣ ዛሬ ጠዋት እንደተላጨ የፖሊስ አገጭ ያብረቀርቃል። የቢካር ማሳ ግን ገለባው እንደተንጨባረረ ነው። ስንዴው በገለባው መሀል ሾልኮ ሲበቅል ያየ እንግዳ ሁሉ "ባለቤቱ ሞቷል እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል።

የዘርና የፀረ ተባይ ሱቄ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ስለሆነ ወሬ መጀመሪያ እኔ ጋ ወርዶ፣ አረፍ ብሎ ነው ወደ መንደር የሚገባው። የቢካርም ማሳ መጀመሪያ የተሳቀበት እኔ ደጃፍ ላይ ነው። አንድ ቀን በፊቱ "ቢካር፣ ማሳህ እኮ ጢሙ አደገ" አልኩት።

"እኔ ሲክ ነኝ። ተወልጄ ጸጉሬን መቀስ አልነካውም" አለኝ። "ማሳዬን ምን በደለኝ ብዬ ነው የምላጨው?"

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ነገር ፊት ለፊት ሊያሾፍበት የሚደፍር ጠፋ። ማሾፉ ወደ ኋላው ዞረ እንጂ አልቀረም።

ቢካር በወጣትነቱ የኮምባይነር ነጂ ነበር። ስንዴው በደቡብ ቀድሞ ይደርሳል፤ እሱም ከደቡብ ጀምሮ እያጨደ፣ ከአገር አገር እያለፈ፣ ወደ ቤቱ ሲደርስ የራሱ ማሳ ረግፎ ይጠብቀዋል። በዚህ ሥራ ግራ ጆሮውን ለሞተሩ ድምፅ አስረክቦ ተመለሰ። ጉዳት ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት። የማይፈልገው ወሬ ሲመጣ አንገቱን ዞር አድርጎ ግራ ጆሮውን ይሰጣል። እኔ ለመንግሥት ሠራተኞች እንኳ እንዲህ ያለ ጥሩ መሣሪያ ሲሰጥ አላየሁም።

ገለባ ማቃጠል የተወው ግን ለሕግ ብሎ አይደለም፤ ለሚስቱ ለጃስሜል ብሎ ነው። ልጃቸው ቢንደር የታጨች ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ገለባ የሚቃጠልበት የጭሱ ወር ነበር፤ ፀሐይዋ በቀትር የአሮጌ ብርቱካን መልክ ነበራት። ጃስሜል ለአማቾቹ ጣፋጭ ይዛ ስትወጣ ትሪውን እንደያዘች ተደፋች። ሆስፒታል ሲወስዷት ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና "ቤት ውስጥ የሚያጨስ ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

ጃስሜል ትንፋሿ እየተቆራረጠ "ሲኮች ነን፣ ትንባሆ አንነካም" አለችው። "የሚያጨሰው መንደሩ ነው።"

ቢካር ከዚያ ሲመለስ ገለባውን ሳያነሣ በላዩ የሚዘራ ማሽን ገዛ። ማሽኑ እየጮኸ፣ እየነከሰ፣ ገለባውን እየከተፈ ዘሩን ከሥር ይቀብራል። የመጀመሪያው ዓመት ስንዴ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ አፍ ተበታትኖ በቀለ። መንደሩ ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት ከሰው እኩል ሆነ፤ እኩል ሲሆን ወሬ ስለማይሆን ያወራለት የለም።

ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተሞቹ በጭስ ሲታፈኑ ጮኹ። ፍርድ ቤቱ መንግሥትን ተቆጣ፤ መንግሥት የወረዳውን ቢሮ ተቆጣ፤ የወረዳው ቢሮ ደግሞ የሚቆጣው ሲያጣ ሳተላይት ተገኘች። ሳተላይቷ በየቀኑ በላያችን ታልፋለች። እሳት ካየች ቦታውን በነጥብ ታስቀምጣለች፤ ነጥቡ ለተመደበው ሹም በስልክ ይደርሰዋል፤ ሹሙ መጥቶ አይቶ ባለ መሬቱን ይመዘግባል፤ በመሬት መዝገቡ ላይ በሰውየው ስም ቀይ ይሰመራል። ቀይ የተሰመረበት ሰው ሩዙን በመንግሥት ገበያ አይሸጥም፤ ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ነጋዴው እንደወደደ ይሸጣል። ባንክም አያውቀውም። እንደ እኛ ላለ ሰው ይሄ መታሰር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ምግቡን ራሱ መቻሉ ነው።

ሴቶቻችን ሳተላይቷን "ቡአ" ብለው ሰየሟት። ቡአ የአባት እህት ናት። ሳትጠራ ትመጣለች፣ በምሳ ሰዓት ትመጣለች፣ ድስት ከፍታ ታያለች፣ ያየችውንም ለዘመድ ሁሉ ታዳርሳለች። ግን ቡአ ሁሉ መጨረሻዋ መሄድ ነው። ምሳ ካለፈ በኋላ ሰማዩ የኛ ነው። የከሰዓት ሻይ ሲጠጣ ከጉርድዋራው፣ ከጸሎት ቤታችን ማዶ፣ አንድ ክብሪት ይጫራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መንደሩ በሙሉ ያስላል። በማግስቱ ቡአ ስትመለስ የምታየው የቀዘቀዘ አመድ ነው፤ አመድ ደግሞ ነጥብ አይሆንም። በዚህ ዘዴ በመንደራችን በሕግ ፊት እሳት የሚባል ነገር ጠፋ። ቢሮውም ደስ አለው፤ "እሳት በግማሽ ቀነሰ" ብሎ በሬዲዮ ተናገረ።

ቢካር እንግዲህ ገለባውን ሳያቃጥል፣ ከቡአም ሳይደበቅ ይኖር ነበር። ጠላት ግን ነበረው፤ ጎረቤቱ ናሃር ሲንግ።

በሁለቱ ማሳ መሀል አንዲት ቁራጭ መሬት አለች። ጎሽ ቢተኛባት እግሮቹ ከውጭ ይቀራሉ። ቢካር "የአባቴ ናት" ይላል፤ ናሃር "የአባቴ ናት" ይላል፤ አባቶቹ ሞተዋል፣ የሚጠየቅ የለም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ወዲህ ዳኞች ተሾሙ፣ ጡረታ ወጡ፣ አንዱም ሞተ። ናሃር በየማለዳው ቁራጯ ጫፍ ላይ ቆሞ ይሳደባል፤ ቢካር ግራ ጆሮውን ይሰጠዋል፤ ናሃርም ይበልጥ ይጮኻል። አንዳንድ ቀን እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል። ናሃር አሞት የቀረባቸው ማለዳዎች ላይ ቢካር እየወጣ ወዲያ ወዲህ ሲመለከት አይቼዋለሁ። ሲያዩት "ጎሼ ጠፍታብኝ ነው" ይላል። ጎሿ በረት ነበረች።

አንድ ዓመት ናሃር በሩዝ አጨዳው መሀል ሞተ።

ያለ ወቅቱ ዝናብ ዘንቦ የመንደራችን የሬሳ ማቃጠያ ሜዳ ኩሬ ሆኖ ነበር። የናሃር ማሳ ሩዙ ገና አልታጨደም። የሌላውም ሰው ወይ አልታጨደም፣ ወይ ውኃ ተኝቶበታል። ታጭዶ የደረቀ መሬት የነበረው ቢካር ብቻ ነው። የናሃር ልጅ ሬሻም ጥምጣሙ እንደተፈታ የቢካር በር ላይ መጥቶ ቆመ።

"ታያ" አለው። ታያ የአባት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ በኛ አገር የአባትህን ጠላትም ቢሆን በዕድሜ ከአባትህ ከበለጠ ታያ ነው የምትለው። "አባቴን የማሳርፍበት ደረቅ መሬት አጣሁ።"

ቢካር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "እንጨት አለህ?"

"ግማሽ አለኝ።"

"ግማሹን ከኔ ውሰድ። በኔ ማሳ ይቃጠል።"

ለቅሶው ላይ የነበርን ሁሉ ያየነው ነው። ሬሻምና የአጎቶቹ ልጆች እንጨቱን ተሸክመው የቢካርን ማሳ አቋረጡና ክርክር ያለባት ቁራጭ መሬት ላይ ሲደርሱ አወረዱት። ሬሻም በልቡ አባቱን በገዛ መሬቱ ማሳረፉ ነው። ቢካር አየ። ዓይኑ ሲጠብ አየሁት። ግን እሳት ፊት ለፊት ተቆሞ ስለ ወሰን አይነሣም። በልቡ መሬቱን ለጠላቱ ያዋሰ እሱ ነው። ሁለቱም እኩል ተደስተው፣ እኩል አለቀሱ።

ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ ተጠብቆ እሳቱ የተለኮሰው በምሳ ሰዓት ነው። ቡአን ያስታወሳት የለም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ገለባ ሲለኩስ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሬሳ ሲለኮስ ግን መሬት መሬት ነው የሚያየው።

ሬሻም በሦስተኛው ቀን አጥንቱን ለቅሞ ወደ ወንዝ ወሰደ። በማግስቱ አንዲት ነጭ መኪና መጣች።

የወረደችው ዶክተር ሱናይና ናት። እናውቃታለን፤ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ባለፈው ዓመት የኔን ላም መንታ አዋልዳለች። በጭሱ ወር ቢሮው ሰው ስለሚያጥረው ነርሱንም፣ መምህሩንም፣ የከብት ሐኪሙንም እሳት ጠባቂ ያደርጋል። ስልኳን እንደ መስተዋት ፊቷ ላይ ይዛ፣ ነጥቡን እየተከተለች፣ ጫማዋን ጭቃ እየዋጠው ሄደች፤ እኛም ሱቁን ዘግተን ተከተልን። ነጥቡ ቁራጯ መሬት ላይ ቆመ። ጥቁር ክብ አለ።

"የማን ነው ይሄ መሬት?" አለች።

ቢካር ቀደም አለ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ገለባ አይደለም። ሬሳ ነው። ናሃር ሲንግ የተቃጠለበት ነው።"

"ሰርዳር ጂ፣" አለች ዶክተሯ በአክብሮትም በድካምም፣ "በዚህ ወር ብቻ ሬሳ ነው ተብያለሁ፣ የሠርግ እሳት ነው ተብያለሁ፣ አንዱ ደግሞ ሞተር ሳይክሌ ነው ብሎኛል። ስልኬ ሬሳ የሚባል አያውቅም። እዩት፤ 'ገለባ'፣ 'ቆሻሻ'፣ 'እሳት የለም'። እሳት የለም እንዳልል አመዱ ላይ ቆሜያለሁ። የባለ መሬቱን ስም ንገሩኝ፤ ቀዩ በስሙ ይሰመራል።"

ቢካር በሕይወቱ ያልተናገረውን ተናገረ። "የሬሻም ነው።"

ከኋላ ሬሻም እየገፋ መጣ። "ምን? የኔ? ታያ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የኔ ነው ሲሉ አልነበረም እንዴ?"

"ተሳስቼ ነው። አባትህ ትክክል ነበር።"

"አባቴ አንድም ቀን ትክክል ሆኖ አያውቅም! ዶክተር ሳሂባ፣ የእሳቸው ነው። መንደሩን ይጠይቁ።"

"የእሱ ነው፣ ልጄ። ሬሳውን ተሸክሞ መጥቶ እዚህ ያወረደው ማነው? ሰው አባቱን በሰው መሬት ላይ ያወርዳል?"

"ታያ፣ በኔ ማሳ ይቃጠል ያሉት ማነው? በአፍዎ!"

"እኔ በማሳዬ አልኩ። አንተ እዚህ አወረድከው!"

አንዱ ከኋላ "ዳኛውን ጥሩት፣ ሁለት ትውልድ የፈጀው ክርክር አለቀ!" አለ። የለቅሶ ሰሞን ነው እንዳንስቅ ብለን ታገልን፤ እኔ አልቻልኩም፣ የጫማዬን ክር ልሰር ብዬ አጎነበስኩ። ጫማዬ ክር የለውም።

ዶክተሯ ሁለቱም ያሉትን በስልኳ ቀዳች። ከዚያ ክቡን ዞረችው። ገለባ ሲቃጠል እንደ ውኃ ይፈሳል እንጂ እንዲህ ክብ ሆኖ እንደማይቀር አይታ ይመስለኛል፤ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን የሸክላ ገንቦ ስብርባሪ አነሣች፤ የሬሳ እሳት ሲለኮስ የምንሰብረው ነው። ስብርባሪውን እንደያዘች ለአለቃዋ ደወለች። ብዙ ሰማች፣ ትንሽ ተናገረች፣ ዘጋች።

"ሬሳ ማቃጠል ከሕጉ ውጭ ነው" አለች። "ቀይ አይሰመርም። ግን ባለ መሬቱ 'እሳቱ በመሬቴ ላይ ነው፣ በፈቃዴ ነው' ብሎ መፈረም አለበት። ሁለት ምስክርና የሞት ምዝገባው ይያያዛል።"

ቢካርና ሬሻም እኩል ወደፊት ተራመዱ።

"የኔ መሬት ነው" አሉ ሁለቱም።

"አሁን እኮ—" አለች ዶክተሯ።

"አባቴ የለፋበት ነው፣ ዶክተር ሳሂባ። ያዘንኩ ጊዜ ያልኩትን አይያዙብኝ።"

"ልጄ፣ እኔ በግራ ጆሮዬ አልሰማም፤ ጥያቄሽን አልሰማሁትም ነበር።"

"መልስ ሰጥተውኛል እኮ ሰርዳር ጂ!"

"በግምት ነው።"

ዶክተሯ ስልኳን ወደ ላይ አነሣች። "ስሙኝ። ይሄ ስልክ መዝገቡን ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሱ ይዘጋል። አንድ ባለቤት ካልፈረመ መሬቱ ክርክር ያለበት ተብሎ ያልፋል፤ ሁለታችሁም ቀይ ናችሁ። እኔ ልከፍተው አልችልም። አለቃዬም አይችልም። ማን እንደሚችል እግዜር ይወቅ።"

ይሄንን ስትናገር ከጀርባዋ፣ ከጉርድዋራው ማዶ፣ ወፍራም ጭስ ተነሣ። የሻይ ሰዓት ደርሷል። ዞራ አየችው። እኛም እግራችንን አየን።

"አይጽፉትም?" አላት ቢካር፤ ድንገት በአክብሮት።

"ነጥብ አልተላከልኝም" አለች። "የኔ ዓይን ማስረጃ አይደለም ሰርዳር ጂ። የሷ ዓይን ነው ማስረጃ።" ጣቷን ወደ ባዶው ሰማይ ቀሰረች።

ቢካር ጭሱን እያየ ቆመ። አንድም ክብሪት ሳይጭር ለኖረበት ዘመን ዋጋው በስሙ የሚሰመር ቀይ ሊሆን ነው። ሩዙን አንጠልጥሎ ነጋዴ በር ሊቆም ነው። ከዚህም የባሰው፣ እኔ ሱቅ ደጃፍ የሚቀመጡት ሁሉ "ጢሙን ያልተላጨው ማሳ በመጨረሻ ተላጨ" ሊሉ ነው። ይሄን የማውቀው እኔ ራሴ አስቤው ስለነበር ነው።

በዚህ መሀል ጃስሜል መጣች። እርጥብ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ትንፋሽ እየቆጠበች። እኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም።

"የቢንደር አባት፣ ምን ላይ ናችሁ?"

ነገራት። እሷም ቁራጯን መሬት ከዳር እስከ ዳር አየቻት፤ ብዙ አልፈጀባትም።

"ለዚች ነው?" አለች። "ምን ዘርተህባት ታውቃለህ?"

"ክርክር ያለበት መሬት አይዘራም።"

"እንግዲያ ምንህ ናት?"

በመሐላ እነግራችኋለሁ፣ እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ መልሱ ከናሃር አመድ ጋር ወንዝ ሄዷል።

ጃስሜል ወደ ሬሻም ዞረች። "አንተ። ሩዝህ መቼ ይታጨዳል?"

"ኮምባይነሩ በዚህ ሳምንት ይመጣል፣ ታይ" አላት፤ የታያ ሚስት ታይ ናት።

"ከዚያስ?"

ሬሻም ወደ ዶክተሯ ሰረቅ አድርጎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። "ከዚያማ... እንደ ሰው ነዋ።"

"ከሻይ በኋላ፣ እንደ ሰው። ነፋሱ ደግሞ ከአንተ ማሳ ወደ እኔ ቤት ነው የሚነፍሰው። አባትህ ስድቡን ያመጣ ነበር፤ እሱን እችለዋለሁ። ጭሱን አልችለውም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "የቢንደር አባት፣ መሬቱን ስጠው፣ ጭሱን ውሰድበት።"

ቢካር ግራ ጆሮውን ሊሰጣት አንገቱን መለስ አደረገ፤ አውቃ በቀኙ በኩል ቆማ ነበር። ጥቁሩን ክብ አየ። በጫማው ጫፍ ጠርዙን ነካ አደረገ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ከቁራጯ ወጥቶ ገለባው ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ ጻፊ" አላት ዶክተሯን። "ናሃር ሲንግ በገዛ መሬቱ ተቃጠለ። ልጁ ይፈርም፤ ምስክር አንዱ እኔ ነኝ።" ወደ ሬሻም ዞረ። "አንተ ግን በዚህ ዓመትም፣ በሚመጣውም ክብሪት አትጭርም። መዝሪያዬን ውሰድ። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባው፣ እንደ አባትህ እንዳይጮኽ።"

ሬሻም ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊነካ ሲል ቢካር "ፈርም፣ ስልኩ ይዘጋል" ብሎ ገሠጸው። ሁለተኛው ምስክር እኔ ነበርኩ። ዶክተሯ ከሦስቱ መርጣ "እሳት የለም" የሚለውን ነካች፤ ሌላ መውጫ አልነበራትማ፤ ከሥሩ ወረቀቶቹን አያያዘች። ስለዚህ በመንግሥት ዘንድ ናሃር ሲንግ ሞቷል፣ አልተቃጠለም ግን። አመዱ ወንዝ መግባቱን ቢሮው ይመርምረው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ሬሻም በተንጨባረረው ማሳው ላይ መዝሪያውን እየጎተተ ሲሄድ ጩኸት ሰማሁ። እኔ ሱቅ ድረስ ተሰማ። ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።

ቢካር አዲሱ ወሰን ላይ ቆሟል። "ወደ ግራ! ወደ ግራ በል! ጎማህ እኔ መሬት ገብቷል!"

ሬሻም ትራክተሩን አቆመ። "የት ታያ? ራስዎ አይደሉ የሰጡኝ?"

"የሰጠሁህ እስከ ዛፉ ነው!"

"እስከ ዛፉ ማለት ዛፉን ይጨምራል!"

"ማን አለ? ዛፉን የተከለው አባቴ ነው!"

"አባቴ ነው የተከለው! ሙት ወቃሽ!"

ቢካር አንገቱን ዞር አድርጎ ግራ ጆሮውን ሰጠው፤ ፊቱ ላይ ናሃር ከታመመ ወዲህ ያላየሁት ጤና አየሁ። ማዶ ሰገነቱ ላይ ጃስሜል ቀይ ቃሪያ እያሰጣች ነበር። ከታመመች ወዲህ በጭሱ ወር አፍንጫዋን ሳትሸፍን ደጅ ስትወጣ ያየኋት ያኔ ነው፤ መሐረቡ ትከሻዋ ላይ ነበር።

"ጮክ በል፣ ልጄ" አለችው ሬሻምን። "በዚያ በኩል አይሰማም።"